ካታሊስቱ ግማሽ ንጹህ ቢሆን ምርቱም ግማሽ ነው?

የለገሃር ልጅ
ሰላም የድሬና የሐረር ኬሚስቶች። ለመመረቂያ ሥራዬ ፕሮሊን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፋጥን ነገር) አድርጌ የአልዶል ሪአክሽን (ሁለት ሞለኪውሎችን በካርቦን የሚያገናኝ) ልሠራ ነው። አሴቶንና 4-ናይትሮቤንዛልዴሃይድ፣ ዲኤምኤስኦ የሚባል ማሟሟያ ውስጥ። ሊስት፣ ለርነርና ባርባስ በ2000 ያወጡት ነው። እነሱ 30 ሞል በመቶ ኤል-ፕሮሊን ተጠቅመው 68 በመቶ ምርት አገኙ። የምርቱ ሞለኪውሎች እንደ ግራና ቀኝ እጅ የመስታወት ምስል የሆኑ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የአንዱ ብልጫ፣ ማለትም ኢኢው፣ 76 በመቶ ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ካታሊስቱ ራሱ ሙሉ በሙሉ የአንድ እጅ ባይሆንስ? ግራና ቀኙ ቢደባለቅ፣ የምርቱም ግራና ቀኝ በዚያው ልክ ይደባለቃል? አንድ ጓደኛዬ «ማባዛት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «የካታሊስቱ ኢኢ 15 ሆኖ የምርቱ 95 የሚደርስበት አለ» ብላ ድርቅ አለች። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። ማንን ልመን? ጠርሙሱ ላይ «99 በመቶ» የሚለውስ የትኛውን ንጽሕና ነው?

ቀፊራ
ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም አልለቅም። የጃፓናዊው ኬሚስት የኖዮሪ ሥራ ነው። ግን ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በደንብ ማስረዳት አቅቶኝ ነው። የሚያውቅ ካለ ይርዳን አቦ።

ከዚራ ጥላ
ሁለቱም ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ልዩነቱ ያለው የካታሊስቱ ሞለኪውል ብቻውን ነው የሚሠራው ወይስ ከሌላው ጋር ተጣምሮ የሚለው ላይ ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት የጠርሙሱን ነገር ላጥራ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይወናበዳል።

ጠርሙሱ ላይ ያለው 99 በመቶ አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካላዊ ንጽሕና ነው። ከዱቄቱ ውስጥ መቶ እጅ 99ኙ ፕሮሊን ነው ማለት ነው። ግራ ይሁን ቀኝ አይናገርም። ግማሽ በግማሽ የተደባለቀው ዲኤል-ፕሮሊንም «99 በመቶ» ተብሎ ቢሸጥ ማንም አልዋሸም። አንተ የምትፈልገው ሌላውን ቁጥር ነው። እሱ ወይ ኢኢ ተብሎ ይጻፋል፣ ወይ ብርሃን የማዞር አቅሙ ይሰጣል። ኤል-ፕሮሊን፣ ማለትም የአንድ እጅ ብቻ የሆነው፣ ውሃ ውስጥ ብርሃንን ወደ ግራ 85 ዲግሪ ገደማ ያዞራል። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ፈልገህ እየው።

ኢኢ ማለት የአንዱ እጅ ብልጫ ነው። ከመቶ ሞለኪውል 95ቱ አንድ ዓይነት፣ 5ቱ የመስታወት ምስላቸው ከሆኑ ኢኢው 90 ነው። 75 ለ25 ከሆነ 50 ነው። እኩል ለእኩል ከሆነ ዜሮ። እሱን ራሲሚክ እንለዋለን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እያንዳንዱ የካታሊስት ሞለኪውል ለብቻው የሚሠራ ከሆነ የመጀመሪያው ጓደኛህ ያለው ነው። ንጹሁ ካታሊስት 76 ከሰጠ፣ ኢኢው 60 የሆነ ካታሊስት 76 ሲባዛ በ0.6፣ ማለትም 45.6 ይሰጣል። ግራፍ ላይ ስታወጣው ቀጥ ያለ መስመር ነው።

በ1986 ሄንሪ ካጋንና ባልደረቦቹ መስመሩ ቀጥ የማይልባቸውን ሪአክሽኖች አሳዩ። አንዳንዴ ወደ ላይ ይጎብጣል፣ አንዳንዴ ወደ ታች ይሰምጣል። «ኢ-መስመራዊ ውጤት» የሚባለው ይሄ ነው። መነሻው የካታሊስቱ ሞለኪውሎች እርስ በርስ መያያዛቸው ነው።

በቁጥር እንየው። የካታሊስትህ ኢኢ 50 ነው እንበል፤ 75 ቀኝ፣ 25 ግራ። አንድ ብረት ሁለት ሊጋንድ (ብረቱ ላይ የሚጣበቅ ሞለኪውል፣ እዚህ ግራ ወይም ቀኝ) ይይዛል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም ደግሞ ዕጣ ነው። ቀኝ-ቀኝ 56.25 በመቶ፣ ግራ-ግራ 6.25 በመቶ፣ ቀኝ-ግራ ደግሞ 37.5 በመቶ ይሆናል። ድብልቁ ጥንድ ምንም ካልሠራ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የእነሱ ድርሻ 9 ለ1 ነው። 9 ለ1 ማለት ኢኢ 80! ካታሊስቱ 50 ሆኖ ምርቱ እስከ 80 ደረሰ ማለት ነው፤ ንጹሁ ካታሊስት መቶ የሚሰጥ ከሆነ።

ተቃራኒውም አለ። ድብልቁ ጥንድ ከሌሎቹ በሁለት እጥፍ የሚፈጥን ከሆነ፣ እሱ የሚሠራው ራሲሚክ ምርት ስለሆነ ሁሉን ያረክሰዋል። በዚያው 50 ስሌቱን ሥራው፤ 36 ገደማ ይወጣል።

የለገሃር ልጅ
ስሌቱን በእጄ ሠራሁት፣ 36.4 መጣ። በጣም አመሰግናለሁ መምህር። የኖዮሪውስ 15 ከየት መጣ? በዚህ በዕጣው ስሌት 15ን ብሞክረው 95 አይደርስም። ገና 30 እንኳ አይሞላም።

ከዚራ ጥላ
ልክ ነህ። በዕጣ ብቻ እዚያ አይደረስም። የኖዮሪ ካታሊስት ዕጣ አይጥልም፣ ይመርጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናጎያ ላይ ኖዮሪና ባልደረቦቹ ዳይብ የሚባል አሚኖ አልኮል ተጠቀሙ። ከካምፎር የሚሠራ ነው። ዳይኤቲል ዚንክን ቤንዛልዴሃይድ ላይ ለመጨመር ነው። ንጹሁ ዳይብ 98 ኢኢ ይሰጣል። ኢኢው 15 ብቻ የሆነው ዳይብ ደግሞ 95 ሰጠ። ኦጉኒ የሚባለው ተመራማሪም በ1988 በሌላ አሚኖ አልኮል 10.7 ኢኢ ካለው ካታሊስት 82 ኢኢ ያለው ምርት አውጥቷል። ይህን «ማጉላት» ብለው ጠሩት።

ዳይብ ከዚንኩ ጋር ሲገናኝ ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣመራል። የሚሠራው ግን ነጠላው ነው። ግራና ቀኙ ሲጣመሩ በጣም የጠነከረ ጥንድ ይሆናሉ፣ አይለያዩም። አንድ ዓይነቶቹ ሲጣመሩ ግን ላላ ያለ ነው፤ ቶሎ ተለያይተው ወደ ሥራ ይገባሉ።

15 ኢኢ ማለት 57.5 ለ42.5 ነው። 42.5ቱ ጥቂቶቹ በሙሉ ከ42.5 ብዙኃን ጋር ተቆላለፉ እንበል። ከመቶው 85ቱ ከሥራ ውጭ ሆኑ። የቀሩት 15ቱ ሁሉም የአንድ እጅ ናቸው። ሥራው ላይ ያለው ካታሊስት በተግባር ንጹህ ነው! አነስተኛው እጅ ራሱ ሄዶ ታስሯል። ማንም አላጠራውም። እኔ ይህን ለተማሪዎች ባስረዳሁ ቁጥር አሁንም ልቤ ይሞቃል።

ዋጋው ግን ፍጥነት ነው። ከመቶ 15 ሠራተኛ ብቻ ከቀረህ ሥራው ይዘገያል። ስለዚህ ሰው «ርካሽ ካታሊስት ገዝቼ ንጹህ ምርት አገኛለሁ» ሲል ሰዓቱንም ይቁጠር።

ሳቢያን ማታ
ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይሄ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? አንድ ካይራል ኮለም (ግራና ቀኙን የሚለይ ቱቦ) ለማግኘት ወር እንጠብቃለን። ዳይኤቲል ዚንክ ደግሞ አየር ሲነካው ይነዳል። ድሬ ላይ ማን ነው እሱን የሚከፍተው? ሰው የሚጠቅመውን ቢያጠና አይሻልም?

ቀፊራ
ዋሪያ፣ እሱ እኮ በዳይኤቲል ዚንክ ልሥራ አላለም። ፕሮሊን አሚኖ አሲድ ነው። አየር አያነደውም፣ እርጥበትም አይገድለውም። እዚሁ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሐረር ፋርማሲስት
ለሳቢያን ማታ እኔ ልመልስ። ፋርማሲዬ ውስጥ በየቀኑ ኦሜፕራዞል የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ጨጓራ የማያውቅ ቤተሰብ ካለ ንገረኝ። ኦሜፕራዞል ራሲሚክ ነው፤ ግራውም ቀኙም አብሮ አለበት። ኢሶሜፕራዞል የሚባለው ደግሞ ከዚያ ውስጥ አንዱ እጅ ብቻ ነው። ታካሚ «ልዩነቱ ምንድነው፣ ዋጋው ለምን ተለየ?» ሲለኝ ይህንን ነው የማስረዳው።

አሁን እዚህ ክር ላይ ካጋን የሚለውን ስም ሳይ ደስ አለኝ። ኢሶሜፕራዞል የሚሠራበት መንገድ ራሱ ከካጋን የተገኘ አይደል? ቲታኒየምና ታርታሬት ያለበት?

ከዚራ ጥላ
አዎ እህቴ፣ በትክክል። መነሻው የሻርፕለስ ነው። ሻርፕለስና ካትሱኪ በ1980 ቲታኒየምን ከታርታሬት ጋር አድርገው አሊል አልኮሎችን ኢፖክሳይድ አደረጉ። ካጋን ያንኑ ወሰደና ትንሽ ውሃ ጨመረበት። አንድ ቲታኒየም፣ ሁለት ታርታሬት፣ አንድ ውሃ። በዚህ ሰልፋይድን ወደ ሰልፎክሳይድ ቀየረ። የኢሶሜፕራዞል ፋብሪካ የሚሠራው ይህንኑ አሻሽሎ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሻርፕለስ ሲስተሙ ውስጥ ውሃ ጠላት ነው። ኋላ ላይ ውሃ የሚመጥ ሞሌኪውላር ሲቭ ሲጨምሩበት ነው በትንሽ ካታሊስት መሥራት የቻለው። ካጋን ጋር ደግሞ ውሃ በልክ ያስፈልጋል። «ንጽሕና» ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የእጅ ንጽሕና አለ፣ የእርጥበት ንጽሕና አለ፣ የኬሚካል ንጽሕና አለ። አንዱን ለክተህ ሌላውን አወቅኩ ማለት አይቻልም።

የ1986ቱ የካጋን ጽሑፍም ሦስት ሪአክሽን ነበር የያዘው። የጄራኒዮል ኢፖክሲዴሽን፣ የሰልፋይድ ኦክሲዴሽን፣ ሦስተኛው ደግሞ የለገሃር ልጅን በቀጥታ ይመለከታል። በፕሮሊን የሚሠራ፣ ሞለኪውሉ በራሱ ላይ ዞሮ የሚዘጋበት አልዶል።

የለገሃር ልጅ
እንዴ! ፕሮሊን ላይ መስመሩ ጎብጦ ነበር?

ከዚራ ጥላ
ትንሽ ወደ ታች ጎብጦ ነበር። ከዚያ ተነስተው «አንድ ሳይሆን ሁለት ፕሮሊን ነው የሚሳተፈው» የሚል ማብራሪያ ተሰጠ። ብዙ ሰው ለዓመታት ያንን ይዞ ቆየ። በ2003 ሊስትና ሃውክ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደገና ለኩት። መስመሩ ቀጥ ያለ ሆነ። አንድ ፕሮሊን ብቻ ነው የሚሠራው ማለት ነው። የሃውክ የኮምፒውተር ስሌትም አንድ ፕሮሊን ላይ ነበር የደረሰው።

ሳቢያን ማታ፣ ጥያቄህን አልናቅኩም። ግን ይህን እይ። ጥቂት ነጥቦች በጥንቃቄ ተለክተው ስለ አንድ ሪአክሽን አሠራር የነበረውን ግንዛቤ ቀየሩ። ለዚያ የተፈለገው ፕሮሊን፣ ሚዛን፣ ትዕግሥትና ኢኢ የሚለካ መሣሪያ ነው። ሊስት በ2021 ከማክሚላን ጋር ኖቤል የተሸለመው በእንዲህ ዓይነቱ ብረት የሌለው ካታሊስት ነው። ውድ ብረት የማይጠይቅ፣ አየር የማይፈራ ኬሚስትሪ ደግሞ ከማንም በላይ ለእኛ ዓይነት ላብራቶሪ የተመቸ ነው። ልጁን አናዳክመው።

ሳቢያን ማታ
ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ልጁ ውጤቱን ሲያገኝ እዚሁ ይለጥፍልን።

ፊዚክስ በድሬ
እኔ ኬሚስት አይደለሁም፣ ግን በብርሃን መለካት ስትሉ ገባሁ። ፖላሪሜትር (የብርሃን መዞር መለኪያ) ከሌላችሁ ለማስተማሪያ የሚሆን በእጅ መሥራት ይቻላል። ከአሮጌ ካልኩሌተር ስክሪን ላይ የሚላጠው ፕላስቲክ ፖላራይዘር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። ሁለት ያስፈልጋል። አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ፣ መሃል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፈሳሽ። የላይኛውን በማዕዘን መለኪያ ላይ ታዞረዋለህ።

በስኳር ሞክሩት። 50 ግራም ስኳር አሟሙታችሁ ጠቅላላውን 100 ሚሊ ሊትር አድርጉት። የስኳር ብርሃን የማዞር አቅም 66.5 ነው። ስለዚህ በ10 ሴንቲ ሜትር 33 ዲግሪ ገደማ ወደ ቀኝ መዞር አለበት። ቢጫ ብርሃን ተጠቀሙ፤ በነጭ ብርሃን ቀለሙ ይለያያል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሲያዩት ክፍሉ ይንጫጫል። የገበያ ስኳር ብርሃን ሲያዞር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ቀፊራ
በጣም ቆንጆ ነው። ግን ለፕሮሊኑ ይበቃል? 99ን ከ97 ይለያል?

ፊዚክስ በድሬ
አይለይም። አሥር ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ብታደርጊ ፕሮሊን 8.5 ዲግሪ ገደማ ነው የሚያዞረው። የእጅ ሥራው መሣሪያ ደግሞ በአንድ ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። ኤልና ዲኤል ጠርሙሱ እንዳልተቀያየረ ለማወቅ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ከዚራ ጥላ
ጥሩ ገለጻ ነው። እኔ የምጨምረው ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለምርቱ ኢኢ በብርሃን መዞር ብቻ አትተማመኑ፣ ጥሩ ፖላሪሜትር ቢኖራችሁም። ኦሮ የሚባል ፈረንሳዊ በ1969 አንድ ነገር አሳየ። አንዳንድ ውህድ ላይ የብርሃኑ መዞር ከኢኢው ጋር እኩል አይሄድም። ግማሽ ኢኢ ያለው ናሙና ግማሽ ያህል አያዞርም። ምክንያቱ እዚያም ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ መያያዛቸው ነው።

ይሄ ለዚህ ጥናት አደገኛ ነው። አንተ የምትፈልገው መስመሩ መጉበጡን ነው። መለኪያህ ራሱ ከጎበጠ፣ ካታሊስቱ የሌለበትን ወንጀል ታሸክመዋለህ። ስለዚህ ካይራል ኮለም ባለው ኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) ለካ። አዲስ አበባ መላክ ካለብህ ናሙናዎቹን ሁሉ ሠርተህ አብረህ ላክ።

አወዳይ ማዶ
እኔ ቤተሰቦቼ ጫት ነው የሚያመርቱት። ኬሚስትሪ እስከ 12ኛ ክፍል ነው የተማርኩት። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግራና ቀኝ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ተክሉ ካታሊስት ከየት ያመጣል?

ከዚራ ጥላ
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደግሞ ከርዕሱ አልወጣህም።

ካቲኖን ግራና ቀኝ አለው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ኤስ የሚባለው። ከለጋ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላብራቶሪ ነው። ጫት ሲደርቅ ኃይሉ የሚቀንሰው ካቲኖን ወደ ካቲንና ኖርኤፈድሪን ስለሚቀየር ነው። አባቶችህ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ መኪናውን አጣድፈው የሚልኩት ለዚህ ነው። ካቲንና ኖርኤፈድሪንን ጎን ለጎን ብታያቸው፣ አሚኑ ያለበት ካርቦን በሁለቱም ኤስ ነው። የሚለያዩት አልኮሉ ያለበት ላይ ነው። አሮጌው እጅ ተጠብቆ አዲሱ ሁለት መልክ ያዘ ማለት ነው።

የተክሉ ካታሊስት ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ከአሚኖ አሲድ ይሠራል። ሕይወት ደግሞ ለፕሮቲን የምትጠቀመው ኤል የሆኑትን ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንዛይም የእጅ ንጽሕናው የተሟላ ካታሊስት ነው። በ1992 ስቲቨን ኬንትና ባልደረቦቹ የኤችአይቪን ፕሮቲኤዝ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) በሙሉ ከዲ-አሚኖ አሲድ ሠሩት። የመስታወት ምስሉን ማለት ነው። ሠራ! ግን የሚቆርጠው የመስታወት ምስሉን ፔፕታይድ ብቻ ነበር። ተራውን አልነካም። የካታሊስት እጅ የምርቱን እጅ እንደሚወስን ከዚህ የጠራ ማስረጃ አላውቅም።

አወዳይ ማዶ
ወላሂ ዛሬ ነው የገባኝ። እና ሕይወት ራሷ ያንን አንዱን እጅ ከየት አገኘችው? መጀመሪያ ማን ለየው?

ቀፊራ
እሱን ማንም እርግጠኛ ሆኖ አልመለሰም። ግን ወደዚያ የሚያመለክት ሪአክሽን አለ። ፍራንክ የሚባል የፊዚክስ ሰው በ1953 በወረቀት ላይ አሰበው። አንድ ምርት የራሱ ካታሊስት ቢሆንና የመስታወት ምስሉን ቢያፍን፣ ትንሽ ብልጫ እያደገ ሄዶ ሁሉን ይወርሳል አለ። በ1995 ጃፓናዊው ሶዋይ በላብራቶሪ አገኘው። ፒሪሚዲን ያለበት አልዴሃይድና ዳይአይሶፕሮፒል ዚንክ ነው። የሚወጣው አልኮል ራሱን የሚሠራው ካታሊስት ነው። ኋላ ላይ 0.00005 በመቶ ኢኢ ይዘው ጀምረው፣ ምርቱን ሦስት ጊዜ መልሰው ካታሊስት አድርገው ከ99.5 በላይ አደረሱት።

0.00005! ዜሮ ማለት ነው እኮ። እኔ ድርቅ ያልኩት ለዚህ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው «ማባዛት ነው» ብሎ አያልፍም።

ከዚራ ጥላ
ቀፊራ በደንብ አድርጋ ነገረችህ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ የሶዋይ ሪአክሽን ውሃ ከነካው የሚሞት ነው። ጥንት ሕይወት ስትጀምር ይሄው ሪአክሽን ነበር ማለት አይቻልም። መንገዱ እንዳለ ነው ያሳየው።

የለገሃር ልጅ
ወደ ሥራዬ ልመለስ። ያሰብኩት እንዲህ ነው። ኤል-ፕሮሊንና ዲኤል-ፕሮሊንን በሚዛን ቀላቅዬ 20፣ 40፣ 60፣ 80 እና 100 ኢኢ ያለው ካታሊስት ላዘጋጅ። በእያንዳንዱ ሪአክሽኑን ልሥራ። ከዚያ ግራፉን ላውጣ። የሚጎድል ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ ፕሮሊኑን ሳላባክነው።

ከዚራ ጥላ
ዕቅዱ ጥሩ ነው። 60 ኢኢ ለማግኘት 60 ግራም ኤል ከ40 ግራም ዲኤል ነው፤ በዚያው ሬሾ ቀንሰው። ዜሮውንም ጨምር። በዲኤል ብቻ ሠርተህ የምርቱ ኢኢ ዜሮ ካልመጣ መለኪያህ ላይ ችግር አለ። ያ ራሲሚክ ምርት ኤችፒኤልሲው ላይ ሁለቱ ጫፎች (የግራውና የቀኙ ምልክት) የት እንደሚወጡ ለማወቅም ያስፈልግሃል።

ከዚህ በላይ የማስጨንቅህ መሟሟት ነው። ፕሮሊን ዲኤምኤስኦ ውስጥ እንደልብ አይሟሟም። ሥሩ ላይ ዱቄት ከቀረ ሌላ ታሪክ ይጀመራል። ብላክመንድና ክሉስማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ይህንን አሳዩ። ግራና ቀኝ አንድ ላይ የገባበት ክሪስታልና የአንድ እጅ ብቻ የሆነው ክሪስታል ፈሳሹ ሥር አብረው ካሉ፣ የፈሳሹ ኢኢ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። አንተ በሚዛን 20 ብታደርገው 40 ብታደርገው ፈሳሹ አይሰማህም። ሴሪን ውሃ ውስጥ እንዲያውም ያ ማቆሚያ ከ99 በላይ ነው። ራሲሚክ ከሚባል ትንሽ ብቻ ፈቅ ያለ ሴሪን፣ የሟሟው ክፍል ንጹህ ሊባል ይደርሳል።

ስለዚህ ዱቄት ካየህ ግራፍህ የሚጎብጠው በሪአክሽኑ አይደለም፣ በአሟሟቱ ነው። ፕሮሊኑን ቀንስ ወይም ዲኤምኤስኦውን ጨምር፣ ጥርት እስኪል። ሁሉም ነጥብ ላይ ያንኑ መጠን ተጠቀም። ከፈለግክ ደግሞ ሁለት ግራፍ ሥራ፤ አንዱ ሁሉም ሟሙቶ፣ ሌላው ዱቄት እያለ። ሁለቱ ከተለያዩ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሐረር ፋርማሲስት
ሙቀቱንስ? ጽሑፎቹ ላይ «በክፍል ሙቀት» ይላል። የድሬ ክፍል ሙቀትና የሌላው አገር አንድ አይደለም። እዚህ ሐረር እንኳ ጠዋትና ቀትር ይለያያል።

ከዚራ ጥላ
ትክክል። ጽሑፉ ላይ የክፍል ሙቀት ሲባል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚታሰበው። ግንቦት ላይ ከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጠህም ያንን አታገኘውም። ሙቀት ሲጨምር ኢኢ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ሰኞ በ24 የተሠራ ነጥብና ሐሙስ በ34 የተሠራ ነጥብ አንድ መስመር ላይ አይቀመጥም። ውሃ መታጠቢያ ውስጥ አስገባቸው። ቴርሞሜትር ይኑርህ። ከተቻለ ስድስቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መታጠቢያ ሥራቸው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሁሉም እኩል ይጎዳሉ።

የለገሃር ልጅ
ፍጥነቱንስ ልለካ? ቅድም 85ቱ ይታሰራል ስላሉ።

ከዚራ ጥላ
ለካ። ስድስቱንም በተመሳሳይ ሰዓት ትንሽ ትንሽ እየወሰድክ ምን ያህል አልዴሃይድ እንደቀረ እይ። ፕሮሊን ለብቻው የሚሠራ ከሆነ ኢኢው 20ም ይሁን 100 ፍጥነቱ አይለወጥም። ግራውም ቀኙም እኩል ነው የሚሠሩት፤ የሚለያዩት በሚሰጡት ምርት ነው። ኢኢው ሲወርድ ፍጥነቱም ከወረደ የሚታሰር አለ ማለት ነው። ግራፉና ፍጥነቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው ማብራሪያው የሚታመነው። ብዙ ጽሑፍ ኢኢውን ብቻ ሰጥቶ ፍጥነቱን ይተዋል። እኔ ያንን ሳነብ ይከፋኛል።

ቀፊራ
አንድ የመጨረሻ ነገር ከእኔ። ምርቱን በሲሊካ ኮለም ስታጠራ ከመሃል ያለውን ጥሩውን ክፍል ብቻ አትውሰድ። ሲሊካ ግራና ቀኝ አይለይም፣ ግን በከፊል የበለጸገ ምርት ሲያልፍበት የፊተኛውና የኋለኛው ክፍል የተለያየ ኢኢ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሁሉንም ሰብስበህ ቀላቅለህ ከዚያ ለካ። ከመለካትህ በፊት ክሪስታል አታድርገው፤ ክሪስታል ማድረግ ኢኢውን ይለውጠዋል።

የለገሃር ልጅ
ሁሉንም ጻፍኩት። ዲኤል-ፕሮሊኑ ከሳምንት በኋላ ይደርሳል ተብሏል። እስከዚያ ዲኤምኤስኦው ምን ያህል ኤል-ፕሮሊን እንደሚያሟሟ እለካለሁ። ስድስቱን ነጥብና የፍጥነቱን ሰንጠረዥ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ቀጥም ይሁን ጎባጣ።

ከዚራ ጥላ
የሟሟበትን መጠን ስትለካ አሴቶኑንም ጨምረህ ለካ። ሪአክሽኑ ውስጥ ያለው ዲኤምኤስኦ ብቻውን አይደለም፣ አሴቶን ሲገባበት ፕሮሊኑ ይበልጥ ሊዘቅጥ ይችላል።